በሰው ለቅሶ

«ኧረ ምንም አልሆነችም፣ እንደ ሁልጊዜው ናት» አለች ትህትና፣ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ወሽቃ ማዕድ ቤት ውስጥ ሻይ እየቀዳች። ስለ እናቷ የጠየቀቻት አክስቷ መሆን አለባት። እናቷ ጌታነሽ በዚያን ሰዓት መኝታ ቤት በጀርባዋ ተንጋላ ነበርና እያንዳንዷን ቃል ሰማች። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ እስከ ኮርኒሱ አይደርስም፤ በዚያ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ልጅቷ ክፋት የላትም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እናቷን የምታውቃት አንድ እጇን ዳሌዋ ላይ አድርጋ ነውና ለእሷ የእናት መልኩ ይኸው ነው። ጌታነሽን ያንገበገባት «እንደ ሁልጊዜው» የምትለዋ ቃል ናት። አንድ ሳምንት ብቻ ቢያማት ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ዳቦና ብርቱካን ይዞ ይጠይቃት ነበር። ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ስላመማት ግን ደህና ናት ተባለ።

ከአልጋ መውረድ ለእሷ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በግራ ጎን መዞር፣ ከዚያ ጉልበትን ወደ ሆድ መሰብሰብ፣ እግርን ወደ ታች መልቀቅ፣ በክንድ ተደግፎ ቀና ማለት፣ በመጨረሻም የአልጋውን ራስጌ ይዞ መቆም። ሕመሙ ከቀኝ ዳሌዋ ይነሳና በጭኗ አድርጎ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይወርዳል፤ እስኪረጋ ይጠበቃል። በመሐል ሜዳ ከተማ የኅዳር ጠዋት፣ ውርጩ የደጁን ሣር አንጥቶት ባደረ ቀን፣ ይህ ነገር ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ባሏ መምህር ልዑልሰገድ ይህን ሁሉ ጊዜ መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል። ደግ ሰው ነው፤ ይህ ይታወቅለት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመቶ ሃምሳ ብር የሚሸጠውን ቅባት እየገዛ ራሱ ያሻት ነበር። ጠበል ወስዷታል። ደብረ ብርሃን ወስዷታል። አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ፣ በርሜል በመሰለ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ያነሷትን ፎቶ በትልቅ ፖስታ ይዞ ተመልሷል። ፎቶው ደህና ነው አለ። ራጁም ደህና ነው አለ። ደሙም ደህና ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ልዑልሰገድ «እንዴት አደርሽ?» ማለቱን አልተወም፤ መልሱን መጠበቁን ግን ተወ።

ጥፋቱ በከፊል የራሷም ነው። ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር ጎረምሳው ሐኪም እስክሪብቶውን አንስቶ «ሕመሙ ከአሥር ስንት ይሆናል?» ይላታል። ጌታነሽ የዘመሮ ቄስ ልጅ ናት። ባደገችበት ቤት እግሩን መጥረቢያ የቆረጠው ሰው «ትንሽ ጫር አደረገኝ» ነው የሚለው። በእሷ አስተሳሰብ አሥር ለሚሞት ሰው ነው፣ ዘጠኝ በምጥ ላይ ላለች ሴት፤ በእግሯ የገባች የመንግሥት ሠራተኛ ስምንት ብትል ምን ይባላል? አፍራ «ሦስት» ትላለች። ሐኪሙም ለሦስት የሚሆን ፓራሲታሞል ጽፎ ይሸኛታል። መድኃኒት አትመኝም ማለት ሐሰት ይሆናል። ከመድኃኒቱ በፊት ግን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «እውነትሽን ነው» እንዲላት ትፈልግ ነበር።

ሻይዋን ሳትጨርስ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ለፋፊው፣ ሾፌር ወዳጆ ሌሊቱን ማረፋቸውን፣ ቀብሩም በስድስት ሰዓት መሆኑን ተናግሮ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ሄደ። ወዳጆን መንዝ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብረ ብርሃንን፣ መሐል ሜዳንና ዘመሮን በጭነት መኪና ሲያገናኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ጌታነሽ ግን ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ የላትም። ወደ መሥሪያ ቤቷ ስትሄድ በራቸው ላይ ተቀምጠው ታያቸዋለች፤ ጎንበስ ትላለች፣ ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ በቃ። ቢሆንም ዕድር ዕድር ነው። የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱን ከፍሎም ይታማል። ለመዝገብ ቤቱ አለቃዋ ደውላ ፈቃድ ጠየቀች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። ልዑልሰገድ ድንኳን ከሚተክሉት ወንዶች ጋር ቀድሟት ወጥቶ ነበር።

ግቢው ጢም ብሏል። የሟች አንድያ ልጅ ይሥሐቅ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ እየተጠበቀ ነው። ሴቶቹ አግዳሚ ላይ ተጠጋጉላት፤ እሷ ግን ቁጭ ብሎ መነሳት ከመቆም ይብስባታልና የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፋ ቆመች። አንድ ሰዓት ቆመች። ቆማ ሁለት ሰዓት ሊሞላት ሲል ይሥሐቅ ደረሰ፤ አርባ ሦስት ዓመት የሆነው ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን እየጮኸ ከመኪና ወረደ። የአስከሬኑም ሳጥን ከቤት ወጣ። ለቅሶ የሚያውቁት ወይዘሮ አዛለች ደረታቸውን ይዘው ጀመሩ፦

መኪናው ቆመ አሉ ጣርማ በር ላይ ወጥቶ፣
ሾፌሩ የት ሄደ ቁልፉን ለማን ሰጥቶ?

ሴቶቹ ተቀበሉ። ጌታነሽ እንባ አልነበራትም፤ ዓይኗን የድንኳኑ ገመድ ቋጠሮ ላይ ተክላ ሕመሙ ወርዶ እስኪረጋ ትጠብቃለች። በዚህ መሀል ግፊያ መጣና ከኋላዋ የቆመች፣ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ የማታውቃት ሴት፣ እንዳትወድቅ መዳፏን አሳረፈችባት። መዳፉ ያረፈው ቀኝ ዳሌዋ ላይ፣ ልክ በቦታው ነው። ሙቅና ከባድ እጅ ነበር። ማንም ሳይለምነው እዚያ ቦታ ላይ እጅ ካረፈ ስንት ዓመት ሆነው? ጌታነሽን መጀመሪያ እንደ ትንታ ያለ ነገር ያዛት። ከዚያ አንድ ድምፅ ወጣ። የእሷ አልመሰላትም። ዝም ልታሰኘው አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ በነጠላው አልፎ ወጣ። ከሆዷ፣ ከዘጠኝ ዓመት ጠዋቶቿ ሁሉ ተጠራቅሞ ወጣ። ተንበረከከች፣ መሬቱን በእጇ እየመታች ጮኸች። ወይዘሮ አዛለች ግጥማቸውን አቋረጡ። ከኋላ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲጨዋወቱ የነበሩት ሁለት ሴቶች ደንግጠው ማልቀስ ጀመሩ። ሳጥኑን የተሸከሙት ወንዶች ዘወር አሉ። ይሥሐቅ ራሱ ለቅሶውን አቆመና አያት።

ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እሷን ሴቶች ደግፈው ቤት አስገቧት። ለቅርብ ሐዘንተኛ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ አጋደሟት፣ ጋቢ ደረቡባት፣ ከጉልበቷ ሥር ትራስ አደረጉላት። አንዷ እግሯን በለብታ ውኃ አጠበቻት። አንዷ ንፍሮ በመዳፏ ይዛ «እህልማ ቅመሽ፣ ነፍስሽን አትበድያት» እያለች አጎረሰቻት። ሌላዋ ጀርባዋን ደባበሰቻት። ጌታነሽ «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ልትል ይገባት ነበር። አላለችም። እንዴት ደስ ይላል! ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ማሰብ ኃጢአት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን እንዴት ደስ ይላል። በፍራሹ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ቀን ላይ እንቅልፍ ከወሰዳት ቆይቶ ነበር።

የነቃችው በሹክሹክታ ነው። ቀብሩ አልቆ የተመለሱት ሴቶች ከመጋረጃው ወዲያ ተሰብስበዋል።

«ግንባሯን አይተሽዋል? ቁርጥ ወዳጆ!» የሚሉት ወይዘሮ አዛለች ናቸው።

«አገሯስ የት ነው?»

«ዘመሮ ነዋ።»

«በይ ተይኝ! በየገበያው ዘመሮ አልነበር የሚያድረው?»

«እኔማ አፍንጫዋን አይቼ ዱሮም ጠርጥሬ ነበር።»

ጌታነሽ ነገሩ እስኪገባት ትንፋሽዋን ያዘች። ሲገባት ከፍራሹ በክርኗ ቀና አለች። ሾፌር በየከተማው ልጅ አያጣም ብሎ የሚያምን አገር ነው፤ ሰው እንዲያ የሚያለቅሰውም ለገዛ አባቱ ነው። እናቷ የአባቷ የቄስ ማዕረግ ሚስት፣ አርባ ዓመት ለደብሩ መሶበ ወርቅ ሰፍታ ያስገባች፣ ከመቃብሯ ተነስታ የሾፌር ውሽማ ልትባል ነው። በነገው ገበያ ወሬው ዘመሮ ይገባል። አባቷ ገና በሕይወት አሉ። ተነስታ ልትናገር ፈለገች። ግን ምን ብላ? አባቴ ስለሆነ አይደለም ካለች፣ ታዲያ ለምን ትባላለች። ለራሷ ነዋ! የሰው አስከሬን ተጋድሞ፣ ባለቤቶቹ ቆመው፣ እሷ ለእግሯ አለቀሰች። ይህን ደግሞ የሚያምናት ሰው የለም፤ ሐኪሙ እንኳ አላመናትም።

መጋረጃው ተገልጦ ይሥሐቅ ገባ። ዓይኑ አብጧል። ብርጭቆ ውኃ ይዞላት ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ሰጣትና እስክትጠጣ ጠበቃት።

«እናትሽ… በሕይወት አሉ?» አላት በቀስታ።

«ዐርፋለች።»

«ነፍስ ይማር።» የጋቢዋን ጫፍ አስተካከለላት። «እኔ እህትም ወንድምም የለኝም» አለ ቀጥሎ፣ ተነስቶም ወጣ። ጌታነሽ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች።

ወዲያው የሟች ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ማርያም በሁለት ሴቶች ተደግፈው ገቡ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ከንግግራቸው ይልቅ ዝምታቸው የሚፈራ ሴት ናቸው። ፍራሹ ላይ ከጌታነሽ ጎን ተቀመጡና ቤቱን አንድ ጊዜ በዓይናቸው ዞሩት። «ሁላችሁም ውጡልኝ። ከዚች ልጅ ጋር የምነጋገረው አለኝ» አሉ። ቤቱ በአንዴ ባዶ ሆነ፤ በሩ ግን ከውጭ በኩል በተደገፉበት ጆሮዎች ብዛት ሲጢጥ አለ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ወይዘሮ አስካለ ማርያም። «ከሾፌር ጋር አርባ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። አንድ ቀን የሆነ ልጅ መጥቶ አባቴ ይለዋል ብዬ ልቤን ካዘጋጀሁ ቆይቷል። አልቆጣሽም። የወዳጆ ነሽ?»

«አይደለሁም እማማ። የቄስ ማዕረግ ልጅ ነኝ፤ በእናቴ አጥንት ይዤዎታለሁ!»

«እንግዲያ ምን ሆነሽ ነው? እኔ ሚስቱ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩለትም።»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። እናቴን አስታውሼ ነው ብትል ይበቃል፤ ይህን የማይቀበል ለቅሶ ቤት የለም። የእናቷ ስም ይጸዳል፣ የአባቷም ልብ ያርፋል፣ እሷም እንደመጣችው ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ነገ ጠዋትም በግራ ጎኗ ትዞራለች። አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አሞኝ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«አሞኝ ነው ያለቀስኩት። ዳሌዬን፣ እግሬን። ስለ ጋሽ ወዳጆ አይደለም። ሁለት ሰዓት ቆሜ ነበር፣ አንዲት ሴት እጇን አሳረፈችብኝና… ይቅር ይበሉኝ እማማ። በሰው ለቅሶ ለራሴ አለቀስኩ።»

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ጌታነሽ አስለቀስኳቸው ብላ ልትሞት ደረሰች። አሮጊቷ ግን እየሳቁ ነበር፤ ሳቃቸውን ውጭ ያሉት እንዳይሰሙት ነጠላውን ነክሰው እየሳቁ ነበር። «ወዳጆ ይህን ቢሰማ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የሰው ሚስት እንኳ አለቀሰችልኝ ብሎ በኩራት እየሄደ ይሆናል እኮ!» ከዚያ ሳቃቸው አለቀና ዘወር ብለው አዩዋት። «ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እውነትሽን ነው» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ሰው ውሸቱን እንዲያ አያለቅስም።»

ከዚያም ስለ ባላቸው ነገሯት። ያ መኪና የወዳጆን አከርካሪ ጨርሶት ነበር። ሃያ ዓመት አሟቸዋል፤ ውጭ ባርኔጣቸውን እያነሱ ሲስቁ ማን ያውቃል? ወይዘሮ አስካለ ማርያም ግን ማታ ማታ እራት ሳይቀርብ «ዛሬስ የት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቋቸዋል። ወዳጆ ይነግራሉ፤ እዚህ ላይ ጀመረኝ፣ ስድስት ሰዓት ላይ በረታ፣ አሁን እዚህ ደርሷል። እሳቸው ሳያቋርጡ ይሰማሉ። ሲያልቅ እራት ይበላል። «አያድነውም፤ አያስቀርለትም። ግን ተናግሮ ይበላል፣ በልቶ ይተኛል። ትናንት ማታም ጠይቄው ነበር» አሉ። አሁን በእውነት አለቀሱ፤ ጌታነሽም አብራቸው አለቀሰች፣ በዚህኛው ጊዜ ለሾፌር ወዳጆ።

ቀና ሲሉ እንደገና የቤቱ ባለቤት ሆኑ። «ደብረ ብርሃን አንዲት ባለሙያ አለች። መርፌም ኪኒንም አትሰጥም፤ አነሳስና አካሄድ ነው የምታስተምረው፣ ሰውነትን የሚያፍታታ ነገር በየሳምንቱ ታሠራለች። ወዳጆን ከአልጋ ያወረደችው እሷ ናት። አርባው ይውጣና አብረን እንሄዳለን።»

«ከአሥር ስንት ነው ትለኝ ይሆን?» አለች ጌታነሽ ሳታስበው፣ ለሐኪሙ ሁልጊዜ «ሦስት» እንደምትልም ነገረቻቸው።

«ሦስት!» ወይዘሮ አስካለ ማርያም ተቆጡ። «ሴትዮዋ ፊት አፍሽን እንዳትከፍቺ። እኔ ነኝ የምናገርልሽ። እስከዚያ በየማታው ትመጫለሽ፤ እኔም ማንን እጠይቃለሁ?»

በሩ ተከፈተ። ይሥሐቅ ነበር፤ መጠበቅ አቅቶታል። «እማዬ፣ እህቴ ናት?» አለ።

«አይደለችም። የዘመሮው የቄስ ማዕረግ ልጅ ናት። ታማ ነው ያለቀሰችው።»

ይሥሐቅ እዚያው ቆመ። እፎይ ይላል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው፣ ፊቱ ወደቀ። «ለልጆቼ ደውዬላቸው ነበር» አለ። «አክስት አላችሁ ብያቸው።»

«ታዲያ ትሁናቸዋ፣ ምን ቸገረህ? ይልቅ ያን ትራስ አቀብለኝ» አሉት እናቱ። ትራሱን ከጌታነሽ ወገብ ሥር ካደረጉ በኋላ በእሱ ክንድ ተደግፈው ወደ ድንኳኑ ወጡና ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ ተናገሩ። ይህች ልጅ የወዳጆ ልጅ አይደለችም፤ ዘጠኝ ዓመት የታመመች ሴት ናት፤ ታማም ቆማ ያለቀሰችልን ናት፤ ከዚህ የተለየ የሚያወራ ቢኖር ከእኔ ጋር ነው። ከድንኳኑ ግማሹ ቅር እንዳለው በግልጽ ያስታውቅ ነበር። ወይዘሮ አዛለች «እኔማ ግንባሯ እንኳ አይመስልም ብዬ ነበር» አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ልዑልሰገድ ከወንዶቹ መሀል ተነስቶ መጣና ጎን ለጎን ወጡ። ሌላ ጊዜ ሁለት እርምጃ ይቀድማታል፤ ዛሬ አልቀደማትም። ወፍጮ ቤቱን አለፉ። ጌታነሽ አሳፈርኩት ብላ ታስባለች። መምህር ነው፣ ነገ ተማሪ ሁሉ ያወራዋል።

«ሳጥኑን ይዤ ነበር» አለ ልዑልሰገድ፣ ፊት ለፊቱን እያየ። «አንድ ድምፅ ሰማሁ። ይህች ሴት ማን ትሆን፣ ምን ያህል ብትጎዳ ነው ብዬ አዘንኩላት። ዘወር ስል አንቺ ነሽ።» ወደ እሷ ዞረ። «ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያምሽ?»

ጌታነሽ ለአፍታ የለመደችው መልስ መጣባት። ዋጠችው።

«ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዴ ይብሳል።»

ልዑልሰገድ መንገዱ መሀል ቆመ። ከኋላው የመጣ ባጃጅ ክላክስ ነፋ፤ አልሰማም። ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ዘጠኝ ዓመት መስታወት ፊት ቆሞ የተላጨው ሰው፣ በቀን ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ አውራ መንገድ ላይ አለቀሰ። ጌታነሽ እጁን ያዘችው። በዚያ ከተማ ባልና ሚስት መንገድ ላይ እጅ ለእጅ አይያያዙም፤ ያዘችው። ከማዶ የሚመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የለቅሶ ልብሳቸውንና የመምህሩን እንባ አይተው ቆብና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ።

«አሜን» አለ ልዑልሰገድ። «አሜን» አለች ጌታነሽም፤ በእሷ እርምጃ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።